የዮፍታሔ ልጅ ገዳም አልገባችም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። ሦስተኛው አጎቴ ናቸው፤ ከሥሩ «ይኸው ተገላገልን» ብለው ጽፈውበታል። የተገላገልነው ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ነው። ጽሑፉ፣ ዮፍታሔ ልጁን አልሠዋም፤ ለእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት ለያት፤ እንደ መነኩሲት ኖራ፣ አርጅታ ሞተች ይላል።

ምዕራፉን ካነበበ ለቆየ ሰው ታሪኩ እንዲህ ነው። ገለዓዳዊው ዮፍታሔ የጋለሞታ ልጅ ተብሎ በወንድሞቹ ከአባቱ ቤት ተባረረ፤ በጦብ ምድር ሥራ ፈቶችን ሰብስቦ በሽፍትነት ኖረ። አሞናውያን ሲነሡ የገለዓድ ሽማግሌዎች ለምነው መለሱት። ከመዝመቱ በፊት ተሳለ፦ አሞናውያንን በእጄ ብትሰጠኝ፣ በደኅና ስመለስ ሊቀበለኝ ከቤቴ ደጅ የሚወጣው ለእግዚአብሔር ይሆናል፣ የሚቃጠል መሥዋዕትም አድርጌ አቀርበዋለሁ አለ። ድል አድርጎ ሲመለስ ከበሮ እየመታች የወጣችው አንዲት ልጁ ሆነች። ልብሱን ቀደደ። እሷ ሁለት ወር ለምና ከባልንጀሮቿ ጋር በተራሮች ላይ ድንግልናዋን አለቀሰች። ስትመለስ «የተሳለውን አደረገባት» ይላል መጽሐፉ፤ እሷም ወንድ አላወቀችም። የእስራኤል ሴቶች ልጆችም በየዓመቱ አራት ቀን ለእሷ ይወጡ ነበር።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው የሚያቀርቡት ክርክር ተራ አይደለም፤ ሳላጣምም ላስቀምጠው። በስእለቱ ውስጥ ያለው የዕብራይስጥ መያያዣ ፊደል «ዋው» «እና» ብቻ ሳይሆን «ወይም» ማለትም ይሆናል፤ ስለዚህ ስእለቱ «ለእግዚአብሔር ይሆናል፣ ወይም መሥዋዕት አደርገዋለሁ» ነው፤ ሰው ከሆነ ለአገልግሎት፣ እንስሳ ከሆነ ለመሠዊያ። ልጅቱ ያለቀሰችው ሞቷን ሳይሆን ድንግልናዋን ነው። የሙሴ ሕግ ሰውን መሠዋት ይከለክላል፤ ለተሳለ ሰውም የመዋጃ ዋጋ ተምኗል። የእግዚአብሔር መንፈስ ያረፈበት፣ ዕብራውያን 11 ከእምነት ሰዎች ጋር የቆጠረው ሰው እንዲህ ያለ ርኩሰት አይሠራም። ሴቶቹ በየዓመቱ የሚሄዱት ሊያጫውቷት ነበር፤ የእኛው አሸንድዬ በደስታ መከበሩም ለዚህ ምስክር ነው። በመጨረሻም «አባቶቻችን ሁሉ የተረዱት እንዲህ ነበር፤ ልጅቱን ያረዷት የዘመኑ ተቺዎች ናቸው» ይላሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም ጨርሶ ስሕተት የሆነው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ቢያንስ ያከራክራል።

በአንደኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ፣ ዮፍታሔ ልጁን እንደሠዋት ይናገራል፤ መሥዋዕቱ ሕጋዊም በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደም እንዳልነበረ ይጨምራል። ነቢያትን ወደ አራማይክ የመለሰው ታርጉም፣ ዮፍታሔ ካህኑን ፊንሐስን አለመጠየቁን አንሥቶ ይወቅሰዋል። ታልሙድ፣ የጥንት ራቢዎች የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ሳያስተውሉ ከለመኑት ሰዎች ይመድበዋል። ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ፣ እግዚአብሔር ነገሩን ያልከለከለው ሌላ ሰው ዳግመኛ እንዲህ እንዳይሳል ነው ብሎ አስተማረ፤ ልጅቱ ተርፋ ቢሆን ይህ ስብከት ትርጉም አይኖረውም። አውግስጢኖስም ሊፈታው የታገለው የሞቷን ነገር ነው። «አልሞተችም» የሚለው ንባብ ስም ያገኘው በመካከለኛው ዘመን በአይሁድ ሰዋስው ሊቃውንት ዘንድ ነው። ከእነሱ የታወቀው ራቢ ዳዊት ቂምሒ (እ.ኤ.አ. 1160–1235) ነው፤ ሐሳቡንም ከአባቱ ከራቢ ዮሴፍ እንዳገኘው ራሱ ይናገራል። ብዙ ሳይቆይ ራቢ ሙሴ ቤን ናሕማን በዘሌዋውያን 27 ትርጓሜው ይህን ንባብ አጥብቆ ተቃወመ። ቂምሒ ትልቅ ሊቅ ነው፤ ንባቡም በአክብሮት መመለስ የሚገባው ነው። ነገር ግን አዲሱ ንባብ የእሱ ነው፤ አሮጌው የእኛ። ጸሐፊው ገልብጠውታል።

አሁን ወደ «ዋው»። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክርክሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህች ፊደል ነውና።

ጸሐፊው «ዋው» አንዳንዴ «ወይም» ይሆናል ማለታቸው እውነት ነው። ዘጸአት 21፥15 አባቱንና እናቱን የሚመታ ይሙት ሲል፣ ሁለቱንም እስኪመታ አይጠበቅም፤ አንዱን ቢመታም ይበቃል። ቂምሒም የያዘው ይህንኑ ምሳሌ ነው። ልብ በሉ ግን፦ እዚያ «ዋው» ያገናኘው ሁለት ስሞችን ነው። በመሳፍንት 11፥31 የሚያገናኘው ተከታትለው የሚሄዱ ሁለት ግሦችን ነው፦ «ወሃያ ላአዶናይ፣ ወሀዓሊቲሁ ዖላ»፤ ይሆናል፣ አቀርበዋለሁም። በሁለተኛው ግሥ ጫፍ ላይ ያለው «ሁ» የኛው «አቀርበዋለሁ» ውስጥ ያለው «ው» ማለት ነው፤ ወደዚያው ወደ አንዱ፣ ከደጅ ወደሚወጣው ይመለሳል። አንድ ተቀባይ፣ ሁለት ድርጊት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይገልጻል። ለእግዚአብሔር እንዴት ይሆናል? እንደሚቃጠል መሥዋዕት ሆኖ።

በዚህ ላይ ዕብራይስጥ «ወይም» የሚል ቃል አላጣም። «ኦ» ይለዋል፤ የግእዙ «አው» ዘመድ ነው። እዚያው ዘጸአት 21 ውስጥ፣ ከላይ ከጠቀስነው ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ፣ በሬ ወንድ ወይም ሴት ቢወጋ ሲል የሚጠቀመው «ኦ»ን ነው። ግእዝ የቀመሰ ሰው «ወ» እና «አው» መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ልጁን ሊያጣ የሚችል ሰው በስእለቱ ውስጥ አማራጭ ማስቀመጥ ከፈለገ ቃሉ በእጁ ነበረ።

ሌላ ስእለት እናወዳድር። ሐና በ1ኛ ሳሙኤል 1፥11 ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ዕድሜውን ሙሉ ለእግዚአብሔር እሰጠዋለሁ፣ ምላጭም በራሱ ላይ አይደርስም ብላ ተሳለች። እዚህም በሁለቱ መካከል ያለው «ዋው» ነው። በጸሐፊው መንገድ ብናነበው ሐና «ለእግዚአብሔር እሰጠዋለሁ፣ ወይም ጠጉሩን አላስላጨውም» ብላለች ማለት ይሆናል። ሳሙኤልን ቤቷ አስቀምጣ ጠጉሩን ብቻ ብታሳድግ ስእለቷ ይፈጸም ነበር! እንዲህ የሚያነብ የለም።

የሐና ነገር ሌላም ይጠቅመናል። ጸሐፊው ለእግዚአብሔር መሰጠት ማለት በድንግልና መኖር ማለት እንደሆነ አድርገው ያልፉታል። ለእግዚአብሔር የተሰጠው ሳሙኤል ግን ልጆች ወልዷል፤ ስማቸውም ኢዮኤልና አብያ ነው፤ ጉቦኞች ስለነበሩ ነው የምናውቃቸው። ከማኅፀን ጀምሮ ናዝራዊ፣ ማለት ለእግዚአብሔር የተለየ፣ የሆነው ሶምሶንም አግብቷል። በመገናኛው ድንኳን ደጅ የሚያገለግሉ ሴቶች እንደነበሩ ዘጸአት 38፥8 ይነግረናል፤ ይህን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል። እንዳያገቡ የተከለከሉ ስለመሆናቸው ግን አንድ ቃል የለም። የምናኔ ሕይወት እኛ ዘንድ የከበረ ስለሆነ ዓይናችን ገለዓድ ውስጥም ገዳም ያያል። የዮፍታሔ ልጅ የምትገባበት ገዳም ግን ገና አልተሠራም ነበር።

አሁን ወደ ልቅሶው፤ ከተነሡት ነጥቦች ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። ምዕራፉ ድንግልናዋን በሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ያነሣል። አንባቢ «ለምን ሞቷን አላለቀሰችም?» ብሎ ቢጠይቅ ደግ አደረገ።

መልሱን ግን ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም፤ የእኛው ለቅሶ ቤት ይበቃል። ወጣት ልጅ ስትሞት አልቃሽ ምን ትላለች? «ሞትሽ» ብላ አታቆምም። «ሳትዳሪ ሳትኳይ» ትላለች። «ሳትወልጂ ሳትከብጂ» ትላለች። ከውጭ የመጣ ሰው ቃሉን ብቻ ሰምቶ ሟቿ ቆማ የቀረች አሮጊት ናት ብሎ ቢጽፍ ምን እንለዋለን? ሞቱን የሚያመርረው ያልተኖረው ነው። በጥንቱ እስራኤልም ዘር ሳይተዉ መሞት ስም መጥፋት ነበር፤ አቤሴሎም ስሜን የሚያስጠራ ልጅ የለኝም ብሎ በቁሙ ሐውልት ያቆመው ለዚህ ነው።

ደግሞስ ሁለት ወር ለምን? ዕድሜዋን ሙሉ ሳታገባ የምትኖር ከሆነ፣ ለማልቀስም ዕድሜዋን ሙሉ ጊዜ አላት። ቀን ቆርጣ ማልቀሻ የለመነችው፣ ከቀኑ በኋላ ማልቀስ ስለማትችል ነው። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ሳይነኩት አልፈዋል።

ስለ ሕጉ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ዘዳግም 12፥31 ልጆችን በእሳት ማቃጠልን የአሕዛብ ርኩሰት ይለዋል፤ ዘሌዋውያን 27 ለተሳለ ሰው ዋጋ ይተምናል፤ ለልጃገረድ እንደ ዕድሜዋ አሥር ወይም ሠላሳ ሰቅል። ዮፍታሔ ሕጉን ባያውቅ ነው እንዳንል፣ ለአሞን ንጉሥ የላከው ረጅም መልእክት የእስራኤልን ጉዞ አሳምሮ ይተርካል። (በመልእክቱ ውስጥ ካሞሽን ለአሞን አምላክ አድርጎ ይጠራዋል፤ ካሞሽ ግን የሞዓብ ነው፣ የአሞን ሚልኮም። ተርጓሚዎች ምክንያት ይሰጡታል፤ እኔ ግን በጦብ የኖረ ሰው ሥነ መለኮት እንዲህ ነው ብዬ ፈገግ እላለሁ።)

ችግሩ «ክልክል ነው» ከሚለው ተነሥቶ «አልተደረገም» ወደሚለው መዝለሉ ነው። እንዲህ ከሆነ መጽሐፈ መሳፍንት ግማሹ ይሰረዛል። መጽሐፉ «ሰው ሁሉ በፊቱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ ነበር» ብሎ ነው የሚዘጋው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ምዕራፍ 19 ላይ በጊብዓ የሆነውን፣ ለማንበብ የሚከብደውን ነገር ያስነብበናል። ሕግ የሚከለክለው የሚደረገውን ነው። አካዝ ልጁን በእሳት አሳልፏል፤ ምናሴም እንዲሁ። ኤርምያስ በሄኖም ሸለቆ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን ያቃጥሉ የነበሩትን የይሁዳ ሰዎች ሲገሥጽ፣ እግዚአብሔር «ያላዘዝሁትን» ብሏል ይላል፤ የታዘዘ የመሰላቸው ነበሩ ማለት ነው። ከገለዓድ በስተደቡብ ያለው የሞዓብ ንጉሥም ከተማው ሲከበብ የበኩር ልጁን በቅጥሩ ላይ ሠውቶታል። ዮፍታሔ የኖረው በዚህ ሰፈር ነው።

መዋጃውንም ጥንታውያን ራቢዎች አልዘነጉትም። ጸሐፊው «ይዋጃት ነበር፣ ስለዚህ ዋጅቷታል» ይላሉ። ዘፍጥረት ራባ በሚባለው ጥንታዊ የራቢዎች ትርጓሜ ውስጥ ራቢ ዮሐናንና ሬሽ ላቂሽ ይከራከራሉ፤ አንዱ ዋጋዋን መክፈል ነበረበት ሲል፣ ሌላው ዋጋም ባላስፈለገው ነበር ይላል። ሁለቱም ግን ይህን የሚያነሡት ዮፍታሔን ለመክሰስ ነው፦ መውጫ እያለው አልወጣም። ትረካው ይቀጥልና ስእለቱን ሊፈታለት ይችል የነበረው ፊንሐስ «የሚፈልገኝ እሱ፣ እኔ ልሂድለት?» አለ፣ ዮፍታሔም «እኔ የእስራኤል አለቃ ሆኜ እሱ ዘንድ ልሂድ?» አለ ይላል። ከዚያ «በአዋላጇና በወላዷ መካከል የምስኪኗ ልጅ ጠፋች» የሚል ተረት ያመጣል። ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ጉዳዩ የሞተበት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

የመንፈሱንና የዕብራውያንን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። መንፈስ በጌዴዎንም ላይ መጥቷል፤ ወዲያው ግን የበግ ጠጉር ዘርግቶ ሁለት ሌሊት እግዚአብሔርን ፈትኗል፤ በኋላም የሠራው ኤፉድ ለቤቱ ወጥመድ ሆነ። ሶምሶን መንፈስ እየመጣበት ጋዛ ጋለሞታ ቤት ገብቷል። ሁለቱም እዚያው ዕብራውያን 11፥32 ላይ ከዮፍታሔ ጎን ተጠርተዋል፤ የኦርዮን ደም በእጁ ያለበት ዳዊትም አለ። ዝርዝሩ እምነታቸውን አመሰገነ፤ ሥራቸውን ሁሉ ግን አላጸደቀም። በመሳፍንት 11 ያለውን ቅደም ተከተልም እዩ፦ መንፈስ በቁጥር 29 ይመጣል፣ ስእለቱ በቁጥር 30። ድሉ አስቀድሞ ተሰጥቶት ነበር። ስእለቱ ማንም ያልጠየቀው ጭማሪ ነው።

«አራት ቀን ሊያጫውቷት» ለሚለው፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። በቁጥር 40 ያለው ግሥ ብርቅ ነው፤ በዚሁ መጽሐፍ በዲቦራ መዝሙር 5፥11 ላይ ሲመጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ ማውራትን፣ መተረክን ያሳያል። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም «ሊያለቅሱላት» ብሎታል። እኔ «ሊዘክሯት» የሚለውን እመርጣለሁ። ከቃሉ ብቻ ግን ለማንኛችንም ፍርድ አይወጣም፤ የሞተም ይተረክለታል። ብቻዋን ተዘግታ የምትኖርን ሰው በዓመት አራት ቀን ብቻ የሚጠይቁ ባልንጀሮች ግን ምን ዓይነት ባልንጀሮች ናቸው?

አሸንድዬ ደግሞ ለእኔ የቤቴ ነገር ነው፤ እናቴ የላስታ ልጅ ናት። በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሲከበር፣ አመጣጡን ከዮፍታሔ ልጅ ጋር የሚያያይዙ አሉ። ከእመቤታችን ዕርገት፣ ከኖኅ ርግብና ከለመለመው ቅጠል ጋር የሚያያይዙም አሉ። ትውፊቱ ይህን ያህል ብዙ አፍ ካለው፣ አንዱን መርጦ የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር መፍቻ ማድረግ ይከብዳል። ከዮፍታሔ ልጅ ነው ብንል እንኳ፣ ደስታው መትረፏን አያሳይም። የተዝካር ድግስ ከሩቅ ያየ ሰው ሠርግ ይመስለዋል። እኔ በበዓሉ የማየው በወገባቸው ቄጤማ አስረው፣ ከበሮ ይዘው የሚወጡትን ልጆች ነው፤ በቁጥር 34 ከደጅ የወጣችውም እንዲሁ ነበረች። እናቴ አንድ ጊዜ «ከበሮውን ይዛ ባትወጣ ኖሮ» ብላ ዝም ያለችው ትዝ ይለኛል።

ጸሐፊው አንድ ቦታ «መጽሐፉ ገደላት አይልም» ብለው ይጽፋሉ። ልክ ናቸው። ቢላም እሳትም አልተጻፈም። በዘፍጥረት 22 እንጨቱ፣ እሳቱ፣ ቢላው፣ የተዘረጋው እጅ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም መጨረሻው በግ ነው። እዚህ ተራኪው «የተሳለውን አደረገባት» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ የተሳለውም ከስምንት ቁጥሮች በፊት በግልጽ ተነግሯል፦ ዖላ፣ የሚቃጠል መሥዋዕት። ሆነ ብሎ ሁለቱን ታሪኮች እያስተያየ መሆኑን በአንድ ቃል ይጠቁመናል፦ ልጅቱን «የሒዳ» ይላታል፤ ይስሐቅ «የሒድ» የተባለበት ቃል ነው፣ ከግእዙ «ዋሕድ» ጋር አንድ ሥር ያለው። ለዋሕዱ ከሰማይ ድምፅ መጣ። ለዋሕዷ አልመጣም። ጸሐፊው ይህን ዝምታ መሸከም አቅቷቸው ይመስለኛል ገዳም የሠሩላት፤ አልፈርድባቸውም፤ አጎቴም «ተገላገልን» ያሉት ለዚሁ ነው።

ለእኔ ግን የከበደኝ ሌላ ነው። ዮፍታሔ የአፍ ሰው ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ሹመቱ ተደራድሯል፤ ከአሞን ንጉሥ ጋር መልእክተኛ እየላከ ተከራክሯል፤ ከእግዚአብሔር ጋር «ብትሰጠኝ» እያለ ተዋውሏል። ልጁ ፊቱ ስትቆም ግን ለእሷ አንድ ቃል አልተደራደረም፤ «አዋረድሽኝ» ብሎ ወቀሳት እንጂ። በዘኍልቍ 30 ሕግ ልጃገረድ ብትሳል አባቷ ሰምቶ ሊፈታት ይችላል። አባት ሲሳል ግን ልጅ የምትፈታበት ሕግ የለም። የሰውየው ስም በዕብራይስጥ «ይፍታሕ» ነው፤ ይከፍታል ማለት ነው፣ ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉን የምንሰማው ሥር። የከፈተው አፉን ብቻ ነው፤ ራሱም «አፌን ከፍቻለሁ፣ ልመለስ አልችልም» አላት። እሷም ያንኑ ቃል ተቀብላ፦ «አባቴ ሆይ፣ አፍህን ከከፈትህ፣ ከአፍህ እንደ ወጣ አድርግብኝ።»